በዘይነባ ስም የታከመ ቁስል

ሰው ፊት ቆሜ ስሜን መናገር የሚከብደኝ ልጅ ነበርኩ። ትምህርት ቤት መምህሩ ስም ሲጠራ «አቤት» የምትልልኝ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ነበረች። ስድስተኛ ክፍል ስደርስ አባታችን ሞተ፤ ትምህርቱን ትቼ ከታላቅ ወንድሜ ከሙሔ ጋር በመስኖ ሽንኩርት ማልማት ጀመርኩ። ቤታችን ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ካሉት መንደሮች በአንዱ ነው። እናቴ፣ ሙሔ፣ ሚስቱ ዘይነባ፣ ሁለት ልጆቻቸውና እኔ በአንድ ግቢ እንኖራለን። ገበያ ስንወጣ ሽንኩርቱን የምሸከመው እኔ ነኝ፤ ከሰው ጋር የምትነጋገረው ዘይነባ ናት። ይህን የምነግራችሁ ለማመካኘት አይደለም። ያኔ ማን እንደነበርኩ ካላወቃችሁ ያደረግሁት ነገር አይገባችሁም ብዬ ነው።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ግራ ጡቴ ሥር አንድ ነገር ጠጠረብኝ። በሦስተኛው ቀን ቀላ፣ አበጠ፣ እጄን ወደ ላይ ማንሳት አቃተኝ። ለእናቴ መናገር አልቻልኩም። ታናሽ እህቷ የሞተችው በጡት ሕመም ነው፤ ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤት ያ ቃል አይነሳም። ያላገባች ልጅ ጡቷን ታመመች ከተባለ ደግሞ መንደሩ የሚያወራው አያጣም። ለዘይነባ ብቻ አሳየኋት። ደነገጠች፤ ከዚያ ሳጥኗን ከፍታ የጤና መድን ደብተራቸውን አውጥታ ሰጠችኝ።

ደብተሩ የሙሔ፣ የእሷና የልጆቻቸው ነው። እኔ ለአካለ መጠን ስለደረስኩ በራሴ ስም መመዝገብ ነበረብኝ። ምዝገባው በዓመት አንዴ ይከፈታል። ያኔ ቀበሌ ሄደሽ ተመዝገቢ ብለውኝ ሰልፉንና ጥያቄውን እየፈራሁ ነገ ዛሬ ስል አለፈኝ። ደብተር መዋዋስ ደግሞ በእኛ ሰፈር ወንፊት እንደመዋዋስ ነው፤ ማንም እንደ ነውር አያየውም። ዘይነባም «ፎቶው ላይ ሻሼ እንጂ ፊቴ መች ይታያል፤ ዘይነባ ነኝ በይ፣ አለቀ» አለችኝ።

ጤና ጣቢያ ያከመኝ ነርስ ደረጀ ይባላል። እኛ ነጭ የለበሰውን ሁሉ ዶክተር ስለምንል ዶክተር ደረጀ ነው የምንለው። ስሜን ሲጠይቀኝ መሬት መሬቱን እያየሁ «ዘይነባ» አልኩት። ሕመሜ የት እንደሆነ ሲገባው ብቻውን አላየኝም። የጽዳት ሠራተኛዋን ጠርቶ አጠገቤ አቆማትና እጄን እንድትይዝልኝ ነገራት። ከመቅደዱ በፊት ምን እንደሚያደርግ አንድ በአንድ አስረዳኝ። መግሉ ከወጣ በኋላ፣ እኔ ሳልጠይቀው፣ «የፈራሽው ነገር አይደለም፤ ተራ የመግል እብጠት ነው፤ ይድናል» አለኝ። እንዴት እንዳወቀብኝ አላውቅም። አለቀስኩ፤ እሱም ዞር ብሎ ዕቃውን ሲያጥብ ቆየ።

ሳምንት ሙሉ እየተመላለስኩ ቁስሉን ያጥብልኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን የሰጠኝ ክኒን ሰውነቴን ሁሉ ሽፍታ አወጣብኝ፤ ከንፈሬም አበጠ። ወዲያው አስቆመኝና ሌላ ቀየረልኝ። ካርዱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የሆነ ነገር ጻፈ። ከዚያ ዳንኩ። ደብተሩ ወደ ሳጥኑ ተመለሰ፤ እኔም ነገሩን ረሳሁት።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዎች ግቢያችን ገቡ። አንዷ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ፋጡማ ናት። ሌላዋ መነጽር ያደረገች ጠና ያለች ሴት ስትሆን ሲስተር እመቤት እንደምትባል ተናገረች። ሦስተኛው ታብሌት የያዘ ዝምተኛ ወጣት ነው። ሙሔ ማሳ ነበር። እናቴ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፤ ዘይነባ ደጃፉ ላይ ሕፃኑን ታጠባለች። እኔ ከዳሱ ጀርባ ሽንኩርት በእስር በእስር አስራለሁ። በእንጨቱ መሃል ሁሉንም አያለሁ።

ሲስተር እመቤት ቀስ ብላ አስረዳች። ጤና ጣቢያው የሚሰጠው ሕክምና ጥሩ ይሁን መጥፎ ለማየት መጥተዋል። ከመዝገቡ ላይ ስም በዕጣ አውጥተው ቤት ለቤት እየሄዱ የታከመውን ሰው ይጠይቃሉ። ማንንም ለመክሰስ አይደለም አለች። እናቴ ደስ አላትና እንዲቀመጡ በርጩማ አስወጣች።

«ዘይነባ አንቺ ነሽ?» አለቻት።

«አዎ።»

«ጥር ላይ በጡትሽ እብጠት ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተቀዶልሻል። ከዚያ ሳምንት ሙሉ ቁስሉ ታጥቦልሻል። ስንት ሰዓት አስጠበቁሽ? እንዴት አስተናገዱሽ? እሱን ልጠይቅሽ ነው።»

የእናቴ እጅ ምስሩ ላይ ቆመ። ሕፃኑ አሁንም ይጠባ ነበር። እናቴ መጀመሪያ ሕፃኑን፣ ቀጥሎ የዘይነባን ደረት አየች።

«የማን ጡት?» አለች እናቴ። «የታመመ ጡት ነው ልጄን የምታጠቢው?»

ዘይነባ ወደ ዳሱ ዞረች። በእንጨቱ መሃል ዐይን ለዐይን ተያየን። እኔ ምን ብዬ እንደሆነ አላውቅም፣ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። አትናገሪ ማለቴ ነበር መሰለኝ።

«ወላሂ እኔ አልሄድኩም» አለች ዘይነባ። «ጡቴንም አሞኝ አያውቅም። እማ፣ ይኸው፣ እይው።»

ሲስተር እመቤት እርግጠኛ መሆኗን ደግማ ጠየቀቻት። ዘይነባ ደግማ ማለች። ወጣቱ ታብሌቱን ነካ ነካ አደረገ። ሊወጡ ሲሉ ሲስተር እመቤት በዳሱ በኩል አለፈችና አየችኝ። «አንቺስ እህቴ፣ የቤቱ ልጅ ነሽ?» አለችኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ደህና ዋይ ብላኝ ሄደች። ያኔ መናገር ይቻል ነበር፤ አፌ ግን እንደተሰፋ ሆነ።

ፋጡማ ወደኋላ ቀርታ ዘይነባን ሳታያት ተናገረች። «ደረጀ አለቀለት። ያላከመውን ሰው አከምኩ ብሎ መዝግቧል ነው የሚሉት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያ ሰው ሰብስበው ውጤቱን ይናገራሉ። በዚህ የተባረረ ሰው አውቃለሁ።» ከዚያ እየሮጠች ተከተለቻቸው።

እኔና ዘይነባ ከበረቱ ጀርባ ሄደን በሹክሹክታ ተነጋገርን።

«እኔ መች ዋሸሁ? አልሄድኩም አልሄድኩም ነው።»

«እሱ ግን አክሟል» አልኳት።

«አክሟል። አንቺን።»

«እና ምን ይሻላል?»

«ዝም በይ ሐዋዬ። ብትናገሪ ደብተሩን ይወስዱብናል፤ ሙሔ አያስኖረንም። እማ ደግሞ የአንቺ ጡት መሆኑን ከሰማች ወድቃ ትቀራለች። እነሱ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፤ እርስ በርስ ይታረቃሉ።»

እውነቷን ነው አልኩ። ወደ ሽንኩርቱ ተመለስኩ፤ ግን እስሩን ማሰር አቃተኝ። ነገሩን ባሰብኩት ቁጥር ይጠፋብኛል። ዘይነባ የተናገረችው እውነት ነው፤ በአላህ ስም ምላ አልዋሸችም። ደረጀም የጻፈው እውነት ነው፤ ቀዶልኛል፣ አጥቦልኛል። ሁለት እውነት ተገናኝተው አንድ ሰው ውሸታም ተባለ። ውሸቱ ያለው የት ነው ብዬ ስፈልገው የማገኘው እኔን ነው። እኔ ደግሞ ዛሬ አንድም ቃል አልተነፈስኩም።

ስድስት ሰዓት ላይ ለእናቴ ሐይቅ ከተማ ሽንኩርት የሚገዛ ሰው አለ አልኳትና ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ። እናቴ «ሽንኩርቱስ?» አለችኝ። ሳልይዝ ነበር የወጣሁት። ዋጋውን ብቻ ልጠይቅ ነው ብዬ ሌላ ውሸት ጨመርኩ።

መንገዱ በሐይቁ ዳር ነው የሚወርደው። ሁለት ጊዜ ወደ ቤት ልመለስ ዞሬ ነበር። አንዴ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ምን እንደምል ለብቻዬ ተለማመድኩ። «እኔ ሐዋ እባላለሁ» ብዬ ጀመርኩ፤ ከዚያ በኋላ ያለው አልመጣ አለኝ። እስክደርስ ፀሐዩ ዘንበል ብሏል።

ጤና ጣቢያው ግቢ ተጠርጎ፣ ውሃ ተረጭቶ፣ በረኪና በረኪና ይሸታል። ዛፉ ሥር አግዳሚ ተደርድሮ ሠራተኞቹና የቀበሌ ሰዎች ተቀምጠዋል። ሲስተር እመቤት ወረቀት ይዛ ቆማለች። ደረጀ ከሁሉም ተለይቶ ግድግዳ ተደግፏል። በሩ ላይ ዘበኛው አስቆመኝ።

«ዛሬ ቁጥጥር ነው እህቴ። ድንገተኛ ካልሆነ ነገ ነይ።»

«ድንገተኛ ነው» አልኩ።

«ምንሽን?»

ደረቴን ያዝኩ። ዘበኛው ደንግጦ በስብሰባው ላይ አሻግሮ ጮኸ። «ደረጀ፣ ድንገተኛ መጥቶብሃል።» ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ደረጀ መጥቶ ወደ ሕክምና ክፍሉ አስገባኝ። በሩን ክፍት ተወው፤ አልጋው ላይ እንድቀመጥ አላሳየኝም፤ እሱም አልተቀመጠም። ፊቱ ከስሏል።

«ዘይነባ» አለኝ። «ምን በድዬሽ ነው?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ለካ እሱ የሚያውቀኝ ዘይነባ ብሎ ነው። ሰባት ቀን ሙሉ ቁስሏን በእጁ ያጠበላት ልጅ፣ ቤቷ ድረስ ሄደው ሲጠይቋት፣ ወላሂ አላከመኝም ብላ እንደማለችበት ነው የነገሩት።

«ገንዘብ አልጠየቅሁሽም። አልተቆጣሁሽም። ሌላ ሰው ቢክደኝ አይገርመኝም ነበር» አለ።

«እኔ ዘይነባ አይደለሁም» አልኩት።

«እ?»

«ዘይነባ የወንድሜ ሚስት ናት። እሷ እውነቷን ነው፤ አልመጣችም። እኔ ሐዋ ነኝ። በእሷ ደብተር ነው የታከምኩት።»

ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር፤ አልደነቀውም፣ አልሳቀም። ከዚያ እንደባነነ ሰው ተነሥቶ ካርድ ክፍል ሄደና የዘይነባን ካርድ ይዞ ተመለሰ። በቀይ የተጻፈውን በጣቱ አሳየኝ።

«ይህ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ያ ክኒን ለዚህች ሰው እንዳይሰጥ፤ ሊገድላት ይችላል ነው የሚለው። የተጻፈው በእሷ ካርድ ላይ ነው። ነገ አንቺ ራስሽን ስተሽ ብትመጪና ሐዋ ናት ብለው ቢያስገቡሽ፣ እኔው ራሴ ያንኑ መድኃኒት እሰጥሽ ነበር።»

ይህን ያህል አርቄ አስቤው አላውቅም ነበር። እሱም ለአፍታ ስለ ራሱ የረሳ መሰለኝ። ቆይቶ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገሩን ዘረዘረልኝ። እኔ ዝም ካልኩ የሌለ ሰው መዝጋቢ ተብሎ ከሥራው ሊወጣ ይችላል። እኔ ከተናገርኩ ደግሞ ፎቶና ፊት ሳያመሳክር አክሟል ተብሎ ይጠየቃል፤ የእኛም ደብተር ይያዛል። «ተናገሪ አልልሽም፣ አትናገሪም አልልሽም» አለኝ። «እኔ የምፈልገውን አልጠይቅሽም።»

እንዲያው አንዱን ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። እስከዚያች ቀን ድረስ ሰው የነገረኝን ሳደርግ ነው የኖርኩት።

ወጣሁና ስብሰባው ዳር ቆምኩ። ሲስተር እመቤት ስለ መድኃኒት መጋዘኑ እያወራች ነበር። ንግግሯ ሲቆም እንደማልቀርብ፣ ሰው ሲያየኝ እንደምሸሽ ስለማውቅ፣ እየተናገረች ሳለች ሄጄ የጋዋኗን እጅጌ ያዝኩ። ሰው አጉረመረመ። እሷ ግን ፊቴን አየችና ወረቀቱን ለወጣቱ ሰጥታ ቁስል ወደሚታጠብበት ክፍል ይዛኝ ገባች።

እዚያም ቃሉ አልወጣልኝም። የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋ። ስለዚህ ቀሚሴን ከፍ አድርጌ ጠባሳውን አሳየኋት።

መነጽሯን አስተካክላ ጎንበስ አለች። በጣቷ ዙሪያውን ጫን ጫን አደረገች፤ ያመኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አያምም አልኩ። ከዚያ ነገሩ ገባት መሰለኝ፣ ማን መሆኔን ሳትጠይቅ፣ ጠዋት ዘይነባን ልትጠይቃት የነበረውን እኔን ጠየቀችኝ። ስንት ሰዓት ጠበቅሽ? ከመቅደዱ በፊት ነገረሽ? ሴት አጠገብሽ ነበረች? ጓንት አድርጎ ነበር? ሽፍታው ሲወጣ ምን አደረገ? አንድ በአንድ መለስኩ። ስለ ሕክምናው ሲሆን አፌ ይታዘዘኝ ነበር።

«ስምሽን ጠየቀሽ?»

«ጠየቀኝ። ዘይነባ ነኝ አልኩት።»

«ደብተሩን አይቷል?»

«አይቷል። ፎቶው ላይ ግን ሻሽ ብቻ ነው የሚታየው።»

መነጽሯን አውልቃ ዐይኗን አሸች። «ስንት ዓመት ዞሬያለሁ» አለች፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ አልገባኝም። «ታካሚው ኖሮ ሕክምናው የጠፋበት ብዙ አይቻለሁ። ሕክምናው ጥሩ ሆኖ ታካሚዋ የጠፋችበት ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።»

ወጥታ ለሰዎቹ ስትናገር ስሜን አላነሳችም። በመዝገቡ ላይ ያለው ሕክምና በትክክል ተሰጥቷል፤ ቁስሉን በዐይኔ አይቻለሁ አለች። ነርሱ ግን የታካሚዋን ማንነት ስላላረጋገጠ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል አለች። ደረጀ አንገቱን ደፋ። እፎይ ብሎ ይሁን አፍሮ መለየት አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ የሐዋ ካርድ ወጣ፤ ቀዩን ጽሑፍ ወደዚያ ገለበጠው፤ በዘይነባ ካርድ ላይ ያለውን ሰርዞ ፈረመበት። ስሜን እስከ አያቴ ሲጽፍ ቀና ብሎ አላየኝም።

ቤት ስደርስ ዘይነባ ሁሉንም ለእናቴ ነግራታለች። እናቴ ሕፃኑ የታመመ ጡት ይጠባል ብላ ጠርጥራ መቀመጫ ስላሳጣቻት ነው። እናቴ ጓዳ ጠራችኝና አሳዪኝ አለችኝ። ጠባሳውን በእጇ ዳሰሰችው፤ እንዲሁ ደጋግማ ዳሰሰችው። «እሷም እንዲህ ብላ ቀድማ ብታሳየኝ» አለች፤ እህቷን ነው። እሷን ስታነሳ ከልጅነቴ ወዲህ የሰማሁት ያን ቀን ነው። አልወደቀችም። ወድቃ ትቀራለች ብለን የሰጋነው እኛ ነን።

ደብተሩ ለተወሰነ ጊዜ ተያዘ። ሙሔ አንድ ወር ያህል ከእኔ ጋር አልተነጋገረም፤ ምሳውን ማሳ ስወስድለት ዞር ብሎ ይበላ ነበር። ምዝገባው ሲከፈት ግን ከእኔ ቀድሞ ተነሥቶ «በይ ነይ፣ ሰልፉ ሳይረዝም» አለኝ። ዛሬ የራሴ ደብተር አለኝ። ፎቶው ላይ ሻሼን ወደኋላ ገፋ አድርጌ ነው የተነሳሁት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ደብተር ተዋሱ አትዋሱ ልላችሁ አልችልም። ቤታችሁ ያለውን ችግር አላውቅም። እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነው፤ በሰው ስም ስትታከሙ ሕመማችሁን በዚያ ሰው ላይ ትታችሁት ትመጣላችሁ። እሷ ያልታመመችውን ይዛ ትኖራለች፤ እናንተ የታመማችሁትን ማንም አያውቅላችሁም። ሐኪም ጥሩ ነው መጥፎ ነው ብለው ሲጠይቋችሁ ደግሞ መልስ የሚሰጥ ሰው አይኖርም። ጥሩ ላደረገልኝ ሰው አንድ ጥሩ ቃል ለመመስከር መጀመሪያ መኖር ነበረብኝ።

ግን ነገሩ እንዲህ ቀጥ ብሎ አላለቀም። ከዚያ ወዲህ ካርድ ክፍል ፎቶና ፊት ያመሳክራሉ። በልጇ ደብተር ስትታከም የኖረች፣ በሰው ስም ስትታከም የኖረች ሁሉ ትመለሳለች። ውሃ ስንቀዳ ሴቶቹ በአባቴ ስም ጠርተውኝ «የአዩብ ልጅ ናት ያዘጋችብን» ይላሉ፤ እኔ እየሰማሁ።

ባለፈው ወር ከጤና ጣቢያው በር ላይ እቴ ሩቅያን አገኘኋት። ጎረቤታችን ናት፤ ዕድሜዋ ገፍቷል፣ እግሯ አብጦ ነበር። የምራቷን ደብተር ይዛ ሄዳ ፎቶው አንቺ አይደለሽም ተብላ መመለሷ ነው። ሰላም ስላት ዝም ብላ አለፈችኝ። ጥቂት እንደሄደች መልሼ ጠራኋት። ክንዷን ይዤ ወደ መስኮቱ ወሰድኳትና የካርድ ክፍሉን ልጅ «በራሷ ስም ካርድ ይውጣላት» አልኩት። ደብተር የላትም አለኝ። ደብተር ባይኖራትም ስም አላት፤ እግሯን የሚያይ ሰው ይጥሩላት አልኩት፤ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እየሰማ። ደረጀ ድምፅ ሰምቶ ወጣ፤ እኔንም እሷንም አየ፤ እቴ ሩቅያን ይዟት ገባ።

ስትወጣ እግሯ በፋሻ ተጠቅልሎ ነበር። ክንዴን ያዘችና ወደ መንደሩ ሄድን።

«አንቺ ልጅ» አለችኝ በኋላ፣ «ድሮ እንዲህ አልነበርሽም።»

እያመሰገነችኝ ይሁን እየወቀሰችኝ እስካሁን አላወቅሁም። ክንዴን ግን ቤቷ እስክንደርስ አልለቀቀችውም።